ለብርቱካኑ መድኃኒት አይርጩ፣ መጋዝ ያምጡ

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ዙሪያ ያለው ብርቱካኔ ጫፍ ጫፉ እየደረቀ ነው፤ ፍሬውም አንሷል። አንዱ ቅርንጫፍ ላይ ግን የተለየ ለምለም ቅጠል አለ። በፖስታ ልኬያለሁ። ምን ልርጭበት?

መልስ፦ ፖስታው ደርሶኛል። ቅጠሉ ወፍራም ነው። እንደ ብርቱካን ቅጠል ለብርሃን ሲያዙት የዘይት ነጠብጣብ አይታይበትም። ዛፉ እየደረቀ እሱ ለምልሞ ከቆመ፣ ተቀጽላ ነው፤ ሌላ ዛፍ ላይ ተጣብቆ የሚኖር ተክል። ውኃውን ከብርቱካኑ እንጨት ስለሚመጥ ከሱ ወዲያ ያለው ጫፍ ይደርቃል።

የሚረጭ ነገር አይፈልጉ። ተቀጽላውን የሚገድል የአረም መድኃኒት ብርቱካኑንም ይዞት ይሄዳል። ስለታም መጋዝ ይበቃዎታል። ከተጣበቀበት ወደ ግንዱ በኩል አንድ ክንድ ያህል መለስ ብለው ቅርንጫፉን ይቁረጡት። «ይሄን ሁሉ?» ይሉኝ ይሆናል። አዎ፤ ሥሩ እንጨቱ ውስጥ ስለሚገባ ጠጋ ብሎ መቁረጥ ትርፉ ድካም ነው። ግንዱ ላይ ከሆነ ግን ተቀጽላውን ብቻ ከቅርፊቱ እኩል ይቁረጡና ቦታውን በጥቁር ፌስታል ጠቅልለው በገመድ ይሰሩት። ብርሃን ሲያጣ ይዳከማል። ሁለት ዓመት ያህል ይቆይ፤ ሲቀደድ ይቀይሩት፤ ገመዱ ግንዱን እንዳያንቀው አልፎ አልፎ ያላሉት። ሥራውን የተቀጽላው ፍሬ ሳይበስል ይጨርሱ። ዘሩ እንደ ሙጫ ስለሚጣበቅ ወፍ በልታ ያረፈችበት ቅርንጫፍ ላይ ይቀራል።

አሁን ትንሽ ልቆጣ። በየጓሮው የማየው ነገር ነው፤ ተቀጽላውን በእጅ ገንጥሎ ለፍየል መስጠት። ፍየሏ ትብላ፣ ግድ የለም። ጉጡ ግን ዛፉ ላይ ይቀርና ዝናብ ሲነካው መልሶ ያቆጠቁጣል። አጥሩ ጋ ያለውን ግራርም ቀና ብለው ይዩት፤ ወፏ ከዚያ እያመጣችው ሊሆን ይችላል።

ተቀጽላ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ አንዳንዱ ዛፍ ይመርጣል፣ አንዳንዱ ያገኘው ላይ ይወጣል። የእርስዎን ዓይነት በቅጠል ብቻ መለየት አልችልም። ሲቆርጡ አበባ ያለበትን አንድ ዘለላ ከብርቱካኑ እንጨት ሳይለዩ ጋዜጣ መሃል አስገብተው ድንጋይ ይጫኑበት። እስኪደርቅ ጋዜጣውን በየቀኑ ይቀይሩ። ቅጠሉ ቢረግፍም አይጣሉት፤ አብረው ያኑሩት። የአበባው ቀለም ሲደርቅ ስለሚለወጥ ዛሬውኑ ይጻፉት፤ ቦታውን፣ ቀኑንና የበቀለበትን ዛፍም ጭምር። ከዚያ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ላሉ የዕፅዋት ባለሙያዎች ያሳዩልኝ።