ዛቢክስን ከ5.0 ወደ 7.0 ከማሻገርህ በፊት ዳታቤዙን አቅልለው

ለገሃር አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት ሲስተም አድሚን የሆነ አንባቢ ጥያቄ ልኮልኛል። ባጭሩ እንዲህ ነው። 150 ሰርቨርና የኔትወርክ ዕቃ የሚከታተል ዛቢክስ 5.0 የሚባል ሶፍትዌር አለው። የሚሠራው ኡቡንቱ 18.04 ላይ ነው። ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል 5.7 ሲሆን 180 ጊጋባይት ደርሷል። ከሱ በፊት የነበረው ባለሙያ ቦታ ባለቀ ቁጥር የዴስክቶፕ ኤስኤስዲ እየቀጠለበት ሄዷል፤ አሁንም 92 በመቶ ሞልቷል። ግራፎቹ በየሰዓቱ ለጥቂት ደቂቃ ይቆረጣሉ። አዲስ ማሽን ላይ ኮፒ አድርጎ ወደ 7.0 ለማሻገር ሲሞክር 1419 የሚል ስህተት መጣና አፕግሬዱ ቆመ። ሰርቪሱን ደጋግሞ ቢያስነሳውም ለውጥ የለም። «ቅዳሜ ማታ ዋናው ላይ ልሠራው ነበር፤ ምን ይሻለኛል?» ይላል።

ወንድሜ፣ የዚህን ቅዳሜ ሥራ ሰርዘው። መጀመሪያ ኮፒ ላይ መሞከርህ ግን በጣም ጥሩ ነው። ስንቱ ዋናው ላይ ጀምሮ እኩለ ሌሊት ላይ ይደውልልኛል።

1419 ቀላሉ ነው። ማይኤስኪውኤል 8.0 ባይነሪ ሎግን (ዳታቤዙ ላይ የተደረገ ለውጥ የሚጻፍበትን መዝገብ) አብርቶ ነው የሚመጣው። 5.7 ላይ ጠፍቶ ስለሚመጣ አሮጌው ማሽን ላይ ይህን ስህተት አይተኸው አታውቅም። አዲሱ ዛቢክስ ዳታቤዙ ውስጥ ትሪገር (መረጃ ሲቀየር ዳታቤዙ ራሱ የሚያስኬደው ትእዛዝ) መፍጠር ይፈልጋል፤ ባይነሪ ሎግ ሲበራ ደግሞ ተራ ተጠቃሚ ትሪገር መፍጠር ይከለከላል። በዳታቤዙ ሩት (ሙሉ ሥልጣን ባለው ተጠቃሚ) ገብተህ «ሎግ ቢን ትረስት ፈንክሽን ክሪኤተርስ» (log_bin_trust_function_creators) የሚባለውን ቅንብር 1 አድርገው። አፕግሬዱ ሲያልቅ ወደ 0 መልሰው። ግን የተሰናከለው ኮፒ ላይ አትቀጥል። ማይኤስኪውኤል የሠንጠረዥ ቅርጽ ሲቀየር እዚያው ያጸድቀዋል፤ መሃል ላይ ቢቋረጥ ወደ ነበረበት አይመለስም። ኮፒውን ጣለውና ከባክአፕ እንደገና አንሳው።

እኔን ያሳሰበኝ በየሰዓቱ የሚቆረጠው ግራፍ ነው። ይህን እንዳነበብኩ የታየኝ ሃውስኪፐሩ ነው፤ አሮጌ መረጃ የሚያጠፋው የዛቢክስ ክፍል። ሰርቨሩ ከተነሳ 30 ደቂቃ ቆይቶ ሥራ ይጀምራል፣ ከዚያ በየሰዓቱ ይመላለሳል። ሰርቪሱ የተነሳበትን ደቂቃ አይተህ 30 ደምርበት። መቆረጡ የሚጀምረው እዚያ ደቂቃ አካባቢ ከሆነ ግምቴ ልክ ነው። ሎጉ ውስጥም ሃውስኪፐር የሚለውን ፈልግ። ስንት መስመር በስንት ሰከንድ እንዳጠፋ ይጽፋል። ብዙ መቶ ሰከንድ ካየህ ዲስክህ እየታገለ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ይህ ነገር ካልገባ አፕግሬዱም አይገባም። ዛቢክስ የለካውን ሁሉ አንድ በአንድ ይጽፋል። አንዱ ዕቃ ላይ በአማካይ 100 ነገር ትለካለህ እንበል። በ150 ዕቃ 15,000 ይሆናል። እያንዳንዱ በደቂቃ አንዴ ከተለካ በሰከንድ 250 መስመር ነው፤ በቀን 21.6 ሚሊዮን። አንዱ መስመር 90 ባይት ገደማ ይይዛል፤ በቀን ወደ 2 ጊጋባይት ይመጣል። 5.0 ሲተከል ታሪክ እንዲያስቀምጥ የሚታዘዘው ለ90 ቀን ነው። አባዛው፤ 175 ጊጋ ይመጣል። አንተ 180 ብለሃል። የዳታቤዝህ ክብደት ሁሉ ከሞላ ጎደል ታሪክ ነው።

አሁን ደግሞ ማጥፋቱን እይ። የድሮ ሱቅ ባሕር መዝገብ አስብ። ባለሱቁ የተከፈለውን ዕዳ ይሰርዛል እንጂ ገጹን አይቀድም። መዝገቡ አይቀጥንም። ማይኤስኪውኤልም እንዲሁ ነው፤ መስመር ሲጠፋ ቦታው ለሌላ መስመር ይቀመጣል እንጂ ለዲስኩ አይመለስም። ስለዚህ ቀኑን ከ90 ወደ 30 ብትቀንሰው እንኳ ዲስኩ 92 በመቶ እንዳለ ይቆያል። ከዚያ በላይ ደግሞ 5.0 ላይ የታሪክ ሠንጠረዦቹ ዋና ቁልፍ (እያንዳንዱን መስመር ከሌላው የሚለይ) የላቸውም። ከ6.0 ጀምሮ አዲስ የሚተከል ሁሉ ቁልፍ አለው፤ ከአሮጌ የተሻገረ ግን ካልሠራህለት የለውም። ለረጅም ጊዜ የሚፈለገው ደግሞ ትሬንዱ ነው፤ የእያንዳንዱን ሰዓት ዝቅተኛ፣ አማካይና ከፍተኛ ይይዛል። ያንተ 15,000 መለኪያ ለአንድ ዓመት ሙሉ ቢቀመጥ 12 ጊጋ አይሞላም።

ስለዚህ 180 ጊጋውን ተሸክመህ አትሻገር። አዲሱ ማሽን ላይ ኡቡንቱ 22.04 ጫን። 7.0 ቢያንስ ፒኤችፒ 8.0 እና ማይኤስኪውኤል 8.0.30 ይፈልጋል፤ 22.04 ፒኤችፒ 8.1 ይዞ ይመጣል። ከአሮጌው ላይ ዳታቤዙን ስታወጣ የአምስቱን የታሪክ ሠንጠረዦች ቅርጽ ብቻ ውሰድ፣ መስመሮቹን ተው። ሌላውን ሁሉ፣ ትሬንዱንም ጨምረህ፣ ውሰድ። አዲሱ ላይ አስገባውና ሰርቨሩን አስነሳ፤ ከ5.0 በቀጥታ ወደ 7.0 ራሱ ያሻግረዋል። ሲጨርስ ሰርቪሱን አቁመህ ዋና ቁልፍ የሚያስገባውን ከዛቢክስ ጋር የሚመጣ ስክሪፕት አስኪድ። ሠንጠረዦቹ ባዶ ስለሆኑ ጊዜ አይወስድም። አሮጌውን ሰርቪሱን ብቻ አቁመህ፣ ዌቡን ክፍት አድርገህ ሦስት ወር አቆየው። ያለፈውን ማየት የፈለገ እዚያ ያያል።

የተቀጣጠሉት ኤስኤስዲዎች ወደ አዲሱ ማሽን እንዳይገቡ። ሬይድ (አንዱ ዲስክ ሲሞት ሌላው የሚተካበት ቅንጅት) ሳይኖር ዲስክ በዲስክ ላይ መቀጠል አንዱ ሲሞት ሁሉም አብሮ እንዲሞት ማመቻቸት ነው። ርካሽ የዴስክቶፕ ኤስኤስዲ መብራት ድንገት ሲጠፋ የሚጠብቀው ካፓሲተር የለውም፤ ጽፌያለሁ ያለው መረጃ ሊጠፋ ይችላል። እኛ ከተማ መብራት እንዴት እንደሚጠፋ ታውቃለህ። ዩፒኤሱንም ከሥራው ሌሊት በፊት ከሶኬት ነቅለህ ሞክረው። ባትሪው ሞቶ አረንጓዴ መብራት የሚያሳይ ዩፒኤስ ብዙ አይቻለሁ።

አሁን ዋናው። ባክአፕ አለኝ እንዳትለኝ፤ መልሼ አንስቼዋለሁ በለኝ። አንድ መሥሪያ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። በየሌሊቱ የሚወጣ የዳታቤዝ ባክአፕ ነበራቸው፣ ቀኑ የተጻፈበት፣ በሥርዓት የተደረደረ። የፋይሎቹን መጠን ሳይ ሁሉም 20 ባይት ናቸው። 20 ባይት ማለት በጂዚፕ የታሸገ ባዶ ነገር ነው። የዳታቤዙ ፓስወርድ ከተቀየረ ወዲህ በየሌሊቱ ባዶ ነገር ሲያሽግ ኖሯል። ማንም ከፍቶ አላየውም። ዛቢክስ አንዴ ወደ 7.0 ከተሻገረ ወደ 5.0 መመለሻ የለውም፤ አሮጌው ማሽን ከሞተ መመለሻህ የባክአፕ ፋይልህ ብቻ ነው። ሌላ ማሽን ላይ አንሳው፣ ዌቡን ክፈት፣ ዕቃዎቹን ቁጠር። 150 ካልሆነ አትጀምር።

ቅርንጫፍ ላይ ፕሮክሲ (የቅርንጫፉን መለኪያ ሰብስቦ ለሰርቨሩ የሚልክ) ካለህ ያንኑ ሌሊት አብሮ ይሻገር፤ የ5.0 ፕሮክሲ ከ7.0 ሰርቨር ጋር አይሠራም። በሚከታተላቸው ማሽኖች ላይ የተጫኑትን የዛቢክስ ኤጀንቶች አትንካቸው፤ አሮጌ ኤጀንት ከአዲስ ሰርቨር ጋር ይግባባል። ግን ኤጀንቶቹ የሚያውቁት የአሮጌውን አይፒ ነው። ሌሊቱ ላይ አይፒውን ለአዲሱ ስጥ፣ ለአሮጌው ሌላ ስጠው። ኮፒው ላይ ስትሞክር ደግሞ መጀመሪያ አለርት የሚልኩትን አክሽኖች አጥፋ። አለዚያ የሥራ አስኪያጁ ቴሌግራም አንዱን መልእክት ከሁለት ቦታ ይቀበላል፤ የሐሰትም ይጨመርበታል።

የሌሊቱን ዕቅድ ስትጽፍ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፍ። ሎጉ 22:00 ይላል፤ አብሮህ የሚያመሸው ልጅ ከምሽቱ 4 ሰዓት ብሎ ነው የሚያስበው። በስልክ «4 ሰዓት ላይ አቁመው» ሲባል የሚፈጠረውን አይቻለሁ። አፕግሬዱ በመቶኛ እየቆጠረ ሲሄድ አንድ ቁጥር ላይ ቢዘገይም ሰርቪሱን እንዳትገድለው። ዲስኩ እየሠራ መሆኑን አይተህ ጠብቅ።

የ5.0 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ግንቦት 2025 ላይ አብቅቷል፤ ስለዚህ ብዙ ወር አትቆይ። ሁለት ሳምንት ይበቃሃል። ባክአፑን መልሰህ ስታነሳ የዕቃዎቹን ቁጥርና የሃውስኪፐሩን መስመር ላክልኝ፤ ያን አይቼ የትኛው ቅዳሜ እንደሚሻል እንነጋገራለን።