ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት፦ የትንሽ ሞተር ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ከ100 እስከ 150 ሲሲ ስለሆኑ፣ በየቀኑ ሥራ ሄደን ስለምንመለስባቸው ሞተር ብስክሌቶች ናቸው። አብዛኞቻችሁ "ምን ልቀይር?" ብላችሁ ነው የጻፋችሁት፣ እኔ ደሞ አብዛኛውን "ቆይ መጀመሪያ እሱን ፈትሽ" ብዬ ነው የምመልሰው፣ አትቀየሙኝ።

ጥያቄ፦ ሞተሬ 125 ሲሲ ካርቡራተር ያለው ነው። ጠዋት ሳስነሳው ምንም የለበትም፣ ግን ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ከነዳሁ በኋላ እየተንገጫገጨ ይጠፋል፣ ዳር አቁሜ ትንሽ ከጠበቅኩ ይነሳል፣ ከዛ ትንሽ ሄዶ ደግሞ ይጠፋል። ካንዴላ ቀየርኩ፣ ኮይል ቀየርኩ፣ አሁን መካኒኩ ካርቡራተሩን እንዳለ ቀይረው እያለኝ ነው። ምን ትላለህ?

መልስ፦ ገና ነው ወንድሜ፣ ካርቡራተሩ ጋ አልደረስንም። በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠፋብህ ሌላ ነገር ከመነካካትህ በፊት የታንኩን ክዳን ክፈት (አጠገብህ ሲጋራ ምናምን እንዳይኖር)። ስትከፍተው ፍስስስ ብሎ አየር ሲስብ ከሰማህና ወዲያው ስትመታው ከተነሳ አለቀ፣ ጥፋቱ ያለው ክዳኑ ላይ ነው። ቤንዚን በራሱ ክብደት ነው ወደ ካርቡራተር ሚወርደው፣ በወረደው ልክ ደሞ ከላይ አየር መግባት አለበት፣ አየሩ ሚገባው ክዳኑ ውስጥ ባለች በጣም ጠባብ ቀዳዳ ስለሆነ እሷ በአቧራና በዝገት ስትደፈን ታንኩ ውስጥ ቫኪዩም ይፈጠርና ቤንዚኑ መውረዱን ያቆማል። ቆመህ ስትጠብቅ አየር ቀስ እያለ ሾልኮ ይገባል፣ ይነሳልሃል፣ አንተ ግን ስለቀዘቀዘ የተነሳ ይመስልሃል። ክዳኑን በነጭ ጋዝ አጥቦ በአየር መንፋት ነው፣ በቃ።

ክዳኑ ካልሆነ እዛው እንደጠፋ ካንዴላውን ፍታው፣ ገመዱ ላይ መልሰህ ሰካውና ብረቱን ኢንጂኑ ላይ አስነክተህ ኪክ ምታ፣ ካንዴላው ከወጣበት ቀዳዳ ግን ራቅ አድርገህ ያዘው ምክንያቱም በዛ ቀዳዳ የቤንዚን ትነት ነው ሚወጣው። ሰማያዊ ጠንካራ ብልጭታ ካየህ ኤሌክትሪኩ ደህና ነው። ምንም ከሌለ ወይም ደካማ ቀላ ያለ ከሆነ ሲሞቅ የሚደክም ነገር አለ ማለት ነው፣ ኮይሉን ስለቀየርክ የሚቀሩህ ሲዲአዩ (ብልጭታውን የሚቆጣጠረው የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን) እና ማግኔቱ ጋ ያለችው ፒክአፕ (ብልጭታው መቼ እንደሚወጣ ምልክት የምትሰጠው) ናቸው። ይሄን ሙከራ ጋራዥ ደርሼ አደርገዋለሁ ካልክ ዋጋ የለውም፣ እዛ እስክትደርስ ቀዝቅዞ ሁሉም ነገር ጤነኛ ሆኖ ይጠብቅሃል።

ሦስተኛው፣ ሰው ሁሉ የሚረሳው ቫልቭ ነው፣ አየርና ቤንዚን የሚያስገባውና ጭሱን የሚያስወጣው በር ማለት ነው። ቫልቩና የሚገፋው ክንድ መሀል ትንሽ ክፍተት መኖር አለበት፣ ብዙ ትንንሽ ኢንጂኖች ላይ ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊ ሜትር ነው (የራስህን ቁጥር ማኑዋሉ ላይ እይ፣ የመግቢያውና የማስወጫው ሊለያይ ይችላል)። በጊዜ ብዛት ቫልቩ መቀመጫው ውስጥ እየሰመጠ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠባል፣ ኢንጂኑ ሲሞቅ ደሞ ብረቱ ስለሚለጠጥ ጭራሽ ይጠፋና ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ኮምፕሬሽን ያመልጣል፣ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳትሰጠው የሚዞርበት ፍጥነት) ይወርዳል፣ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ማስነሳት መከራ ይሆናል። እንዲሁ ከተነዳ የማስወጫው ቫልቭ ይቃጠላል። የሚገርመኝ እንዲህ የጠበበ ኢንጂን ድምፁ ጸጥ ያለ ስለሚሆን ባለቤቱ ደስ ብሎት ነው ሚነዳው፣ ትንሽ ቲክ ቲክ የሚል ቫልቭ ግን እኔን ብዙም አያሳስበኝም።

ሚለካው ኢንጂኑ አድሮ ሲቀዘቅዝ ነው። ካንዴላውን ካወጣህ ኢንጂኑ በቀላሉ ይዞርልሃል፣ ማግኔቱ ላይ ያለችው ቲ ምልክት ከመስመሯ ጋ እስክትገጥም አዙርና ሁለቱንም ክንድ በጣትህ ነቅነቅ አድርግ፣ ሁለቱም ትንሽ ከተንቀሳቀሱ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነህ፣ ካልተንቀሳቀሱ አንድ ሙሉ ዙር ጨምር (በጣም የጠበበ ቫልቭ ግን እዛም ላይነቃነቅልህ ይችላል)። ከዛ ፊለር ጌጅ የሚባለውን የስስ ብረት ቅጠል መሀላቸው አስገብተህ ስትስበው በትንሹ ያዝ እያደረገ መውጣት አለበት፣ ዝም ብሎ ከወጣ ሰፍቷል፣ አልገባ ካለ ጠቧል። ዳዶውን ስታጠብቅ የማስተካከያው ብሎን አብሮ ትንሽ ስለሚዞር ካጠበቅክ በኋላ እንደገና ለካው፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው ሚሸወደው።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ ሞተር ብስክሌት ስነዳ ብዙ ዘመኔ ነው። ባለፈው የመኪና ዘይት ነው ግን ጥሩ ነው ተብዬ ሞላሁ። ከዚያ ወዲህ ነዳጅ ስሰጠው ኢንጂኑ ይጮሃል እንጂ ፍጥነቱ አይጨምርም፣ ዳገት ላይ ይብሳል። ዘይት ይህን ያደርጋል እንዴ?

መልስ፦ ያደርጋል አባቴ። መኪና ላይ ፍሪሲዮኑ ለብቻው ደረቅ ቦታ ነው ያለው፣ የእርስዎ ሞተር ላይ ግን የፍሪሲዮኑ ሸራዎች የኢንጂኑ ዘይት ውስጥ ተነክረው ነው ሚሠሩት፣ ማርሹም እዛው ዘይት ውስጥ ነው። ብዙዎቹ ቀጠን ያሉ የመኪና ዘይቶች ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ ማንሸራተቻ ቅመም ይገባባቸዋል፣ ለመኪናው ጥሩ ነው፣ የእርስዎን ሸራ ግን አይዝም። ጣሳው ላይ ጃሶ ኤምኤ ወይም ኤምኤ2 የሚል ይፈልጉ፣ እሱ የጃፓኖች ደረጃ ነው፣ ዘይቱ ለእንደዚህ አይነት ፍሪሲዮን እንደሚሆን ተፈትኗል ማለት ነው። ጃሶ ኤምቢ የሚለውን ይተዉት፣ እሱ ለስኩተር ነው። ውፍረቱን 10ደብሊው30 ይሁን 20ደብሊው50 ማኑዋልዎ ያዘዘውን ያድርጉ።

ከመድፋትዎ በፊት ግን አንድ ነገር ይዩልኝ፣ የፍሪሲዮኑ እጀታ ጫፉ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ላላ ማለት አለበት፣ ገመዱ ተወጥሮ ከሆነ ምንም አይነት ዘይት ቢሞሉ ይንሸራተታል። እሱ ደህና ከሆነ ዘይቱን ሲሞቅ ደፍተው ትክክለኛውን ይሙሉና ጥቂት ቀን ይንዱት፣ ብዙ ጊዜ ይስተካከላል። ካልተስተካከለ ሸራው አልቋል ወይም ተቃጥሏል፣ ሲቀየር ሞላዎቹም አብረው ቢታዩ ጥሩ ነው።

ስለ ዘይት ካነሳን አይቀር፣ የነዚህ ሞተሮች ዘይት በጠቅላላው 1 ሊትር ገደማ ነው። 300 ሚሊ ሊትር ሲጎድል ከሲሶው ትንሽ ያነሰ ሄደ ማለት ስለሆነ መኪና ላይ እንደሚደረገው እስከ ሰርቪስ ልጠብቅ ማለት አይቻልም። በሳምንት አንዴ ሞተሯን ቀጥ አድርጎ አቁሞ ማየት ነው። መለኪያው እንጨት ሲታይ ይጠመዘዛል ወይስ ዝም ብሎ ይከተታል የሚለው ከሞተር ሞተር ስለሚለያይ ማኑዋሉን ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ ካቴናዬን አጠብቄው በሳምንቱ ይላላል፣ ሳጠብቀው ደግሞ ከር ከር ይላል። ሁለት ቦታ ወስጄ አንዱ አጥብቂው አንዱ አላይው አሉኝ። ማንን ልመን?

መልስ፦ እህቴ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፣ የለኩት የተለያየ ቦታ ላይ ከሆነ። ያለቀ ካቴና እኩል አይደለም ሚረዝመው፣ አንዱ ጋ ይላላል አንዱ ጋ ይጠብቃል። ማርሹን ነጻ አድርገሽ የኋላ ጎማውን ቀስ እያልሽ እያዞርሽ የታችኛውን መሀል በጣትሽ ወደላይና ወደታች ግፊው፣ ምታስተካክዪው በጣም በሚጠብቅበት ቦታ ላይ ሆነሽ ነው። ብዙ ትንንሽ ሞተሮች ላይ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር መጫወት አለበት። ከጠበቀ ሰው ሲጫንበትና ጉድጓድ ሲገባ ይወጠርና የማርሹን ኩሽኔታ ይበላል፣ እሱ ደሞ ኢንጂን ካልተፈታ አይቀየርም፣ ስለዚህ በጥቂቱ ላላ ያለ ይሻላል።

አሁን የኋላ ጥርሱ ጋ ሂጂና ከጥርሱ በስተኋላ ካቴናውን ወደራስሽ ሳቢው፣ ተነስቶ ከጥርሱ ግማሽ ያህሉን ካሳየሽ አልቋል። የጥርሶቹ ጫፍ ወደ አንድ ጎን ጎብጦ ከሆነም እንደዛው። ያኔ ካቴናውን፣ የፊት ጥርሱንና የኋላውን ሦስቱንም አንድ ላይ ቀይሪ፣ አዲስ ካቴና በአሮጌ ጥርስ ላይ ማድረግ አዲሱን ቶሎ መጨረስ ነው። የኋላ ጎማው ሁለት ጎን ላይ ያሉት ምልክቶች እኩል ቁጥር ላይ መሆናቸውን እዪ፣ ካልሆነ ጎማው ጠምሞ ካቴናውን ይበላዋል። ማጠብ በነጭ ጋዝና በብሩሽ፣ ዘይት መቀባት ደሞ ከነዳሽ በኋላ ሞቅ እያለ ከውስጥ በኩል፣ በየ500 ኪሎ ሜትሩና ዝናብ ከመታው በኋላ። ጎማውን በእጅሽ አዙሪ እንጂ ኢንጂኑን አስነስተሽ ማርሽ አስገብተሽ በጨርቅ እንዳትጠርጊ፣ ጨርቁ ከተያዘ ጣትሽን ይዞ ነው ሚገባው፣ በዚህ ጣታቸውን ያጡ ብዙ ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ብሮ፣ 125 አለኝ፣ ጉልበት እንዲጨምር ትልቅ ካርቡራተር፣ ክፍት ማርሚታና ያለ ፊልትሮ ላደርገው ነው። ጓደኛዬ የፊት ጥርሱንም በ15 ቀይረው ይሮጣል አለኝ። ከየቱ ልጀምር?

መልስ፦ ከየትኛውም አትጀምር ብልህ ትበሳጫለህ ግን አልዋሽህም። ያለ ፊልትሮ ማለት አቧራውን ቀጥታ ፒስተኑ ላይ መርጨት ነው፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ይላጭና ሰማያዊ ጭስ ማጨስ ይጀምርልሃል። አየሩም ስለሚበዛ ድብልቁ ይሳሳል፣ ኢንጂኑ ከመጠን በላይ ይሞቃል። ትልቅ ካርቡራተር ትንሽ ኢንጂን ላይ አየሩ ቀስ ብሎ ስለሚያልፍ ቤንዚኑን በደንብ አይስብም፣ ከታች ስትነሳ ይታነቃል፣ አንተ ደሞ ከተማ ውስጥ ምትኖረው እዛው ታች ነው። ክፍት ማርሚታ በአብዛኛው ሚጨምርልህ ጩኸት ነው።

የጥርሱን ነገር ራስህ አስላው፦ የኋላው 42 የፊቱ 14 ከሆነ 42 ለ14 ሲካፈል 3 ነው፣ ፊቱን 15 ስታደርገው 2.8 ይሆናል፣ ማለትም ማርሹ 7 በመቶ ያህል ይረዝማል። በሜዳ ኢንጂኑ ጸጥ ይላል፣ ግን ዳገትና ሁለት ሰው ሲመጣ ማርሽ ትቀንሳለህ፣ ትልቁ ፍጥነት ራሱ ሊወርድ ይችላል ምክንያቱም የመጨረሻውን ማርሽ የሚገፋ ጉልበት የለም። ጭነት ለሚያበዛ ሰው ይልቅ በተቃራኒው ፊቱን 13 ማድረግ ይሻላል። ለነገሩ ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራው ሆንዳ ሱፐር ከብ የሚባለው ትንሽ ሞተር በ2017 እ.ኤ.አ. ምርቱ ከ100 ሚሊዮን በላይ የደረሰው ሮጦ አይደለም፣ አልሞት ስላለ ነው።

ገንዘብህን ምታወጣበት ከፈለግክ ጎማ ላይ አውጣ። ጎማው ጎን ላይ አራት አሃዝ አለ፣ 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው፣ ጥርሱ ቢኖረውም ከደረቀና ከተሰነጣጠቀ አስፋልት ሲረጥብ አይዝም። ቀጥሎ የፍሬን ሸራ፣ ከዛ የፍሬንና የፍሪሲዮን ገመድ፣ ይሄን ስትጨርስ ሞተርህን አታውቃትም። ኤልኢዲ መብራት ደሞ ፋብሪካው ከሰጠህ 35 ዋት አምፖል ባነሰ ኃይል የተሻለ ያበራል፣ ግን ከፊትህ የሚመጣውን ሰው ዓይን እንዳያጠፋ አቅጣጫውን ዝቅ አድርገው፣ ተጨማሪ ነገር ስትገጥምም ፊውዝ ሳይኖረው እንዳታገናኘው።

ጥያቄ፦ ከፍ ወዳለ አካባቢ ከተዛወርኩ ወዲህ ካንዴላዬ ጥቁር ጥላሸት ይይዛል፣ ቤንዚንም ይበላል።

መልስ፦ አየሩ ስለሳሳ ነው፣ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይቀንሳል፣ ካርቡራተሩ ግን የድሮውን ያህል ቤንዚን ነው ሚሰጠው። መጀመሪያ ፊልትሮው እንዳልተደፈነና ቾኩ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን እይ። እነሱ ደህና ከሆኑ የካርቡራተሩ መርፌ ላይ ያለችውን ቀለበት አንድ መስመር ወደላይ አድርጋት፣ መርፌው ወደታች ይወርድና ቤንዚኑን ይቀንሳል (መርፌው መስመሮች ካሉት ነው፣ አንዳንዱ የለውም)። ካልበቃ አንድ ቁጥር ያነሰ ዋና ጄት (ቤንዚኑ የሚያልፍባት ቀዳዳ ያላት ቁራጭ) ግጠም። የጄቱን ቀዳዳ በሽቦ እንዳትነካው፣ ነሐስ ስለሆነ ይሰፋል። ካንዴላው ቡናማ ወደ ግራጫ ሲሄድ ደርሰሃል፣ ነጭ ከሆነ ግን አብዝተሃል፣ መልስ።

ጥያቄ፦ ባትሪዬ ሞተ፣ አውጥቼው በኪክ ብቻ እየነዳሁ ብቆይ ችግር አለው?

መልስ፦ አንዳንዱ ሞተር ያለ ባትሪ ጭራሽ አይነሳም፣ ሚነሳው ደግሞ ነዳጅ ስትሰጠው ቮልቴጁ ከፍና ዝቅ ስለሚል አምፖል ሊያቃጥልብህ ይችላል፣ ቮልቴጁን የሚገድበውን ሬጉሌተርም ያስቸግራል፣ ስለዚህ አትቆይ። አዲሱን ስትገዛ በቮልት መለኪያ አስለካው፣ ሞልቶ ቆሞ 12.6 ቮልት አካባቢ ወይም ከዛ በላይ መሆን አለበት። ገጥመህ ኢንጂኑን ከፍ አድርገህ ስትለካው ከ13.5 እስከ 14.5 ካላሳየህ አሮጌውን የገደለው ነገር እዛው ነው ያለው። ከ15 ካለፈ ሬጉሌተሩ ነው፣ ካልጨመረ ግን መጀመሪያ ሶኬቶቹን ነቅለህ ዝገትና የተቃጠለ ፒን ፈልግ፣ ማግኔቱን ማስጠቅለል ከዛ በኋላ ነው።