በሕፃን አፍ ውስጥ የሚወጣውን ነጭ ነገር ምን እንበለው?

ጥያቄ፦ በአንድ ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። ለወላድ እናቶች የሚታደል አንድ ገጽ ጽሑፍ እያዘጋጀን ነው። በሕፃናት አፍ ውስጥ የሚወጣውን ነጭ ነገር እኔ «የአፍ ፈንገስ» ብዬ ስጽፍ፣ አንዷ ባልደረባዬ «ሰው የሚያውቀው ምች ሲባል ነው» ትላለች፤ ሌላው ደግሞ ባዕድ ቃል እንዳይገባ «የአፍ ሻጋታ» ይሁን ይላል። «ይቀቡት» እና «ይጥረጉት» በሚሉት ግሦችም አልተስማማንም። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ «የአፍ ፈንገስ» ብለው ይጻፉ። ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ ላስረዳዎ፤ ጽሑፉ የሚደርሰው ከታመመ ልጇ ጋር ላለች እናት ስለሆነ፣ የቃል ምርጫው የሰዋስው ጉዳይ ብቻ አይደለም።

በእኛ ቋንቋ የበሽታ ስም መድኃኒቱን አስከትሎ ይመጣል። «ምች» ሲባል ፀሐይ የመታው ሰው፣ ከንፈር ላይ ውኃ ቋጥሮ የሚወጣ ቁስል፣ ከዚያም ዳማ ከሴ በአንድነት ይታሰባሉ። ከንፈር ላይ የሚወጣው ያ ቁስል አብዛኛውን ጊዜ የቫይረስ ነው፤ የእርስዎ ጽሑፍ የሚናገረው ግን በአፍ ውስጥ ስለሚወጣ ፈንገስ ነው። ስለዚህ ጽሑፋችሁ «ምች» ካለ፣ እናቲቱ ወይም አያትየው የተጨመቀ ቅጠል በጨቅላው አፍ ቢያደርጉ ልንወቅሳቸው አንችልም፤ ቃሉ ራሱ መርቷቸዋልና።

«ሻጋታ» አማርኛነቱ የማያጠራጥር፣ «ሻገተ» ከሚለው ግሥ የወጣ ቃል ነው። ነገር ግን የከረመ እንጀራን ያስታውሳልና በእናት ጆሮ «ልጅሽን በንጽሕና አልያዝሽም» የሚል ወቀሳ ሆኖ ይሰማል፤ ይህም ትክክል አይደለም። ካንዲዳ የሚባለው ይህ ፈንገስ በብዙ ጤነኛ ሰዎች አፍ ውስጥ ያለ ሲሆን፣ በሕፃናት ላይ የሚበረታው የሰውነታቸው የመከላከል ዐቅም ገና ስላልዳበረ፣ አንዳንዴም ሕፃኑ ወይም እናቲቱ አንቲባዮቲክ ስለወሰዱ ነው። በዝርያው ከ«እርሾ» ወገን ቢሆንም፣ እርሾ ለእኛ ሊጥ የምናቦካበት መልካም ነገር ስለሆነ ለስምነት አይመችም። «ፈንገስ» ግን የእግር ፈንገስ፣ የጥፍር ፈንገስ እየተባለ ከቤት ገብቷል፤ ባዕድነቱ ሊያስጨንቀን አይገባም።

ስሙ ብቻውን ግን እናቲቱ በሽታውን እንድትለይ አያስችላትም፤ የሚያስችላት ገለጻው ነው። «ነጭ ሽፍታ» አይበሉ፤ ሽፍታ ሲባል ሰው የሚያስበው ቆዳን ነው። «በምላስ፣ በድድ፣ በላንቃና በጉንጭ ውስጥ የሚታይ፣ አይብ የመሰለ ነጭ ነገር» ቢሉ ሁሉም ይገባዋል። ከጠባ በኋላ ምላሱ ላይ የሚቀረው ወተትም ነጭ ስለሆነ፣ ዋናውን መለያ የሚይዘው ቃል «ለቀቀ» ነው። ስለ እድፍ «አልለቅ አለ» እንደምንለው፣ የወተቱ ቅሪት ሲጠረግ ይለቃል፤ ፈንገሱ ግን በቀላሉ አይለቅም። በዚህ ቦታ «ጠረገ» እና «ፋቀ» ፈጽሞ መምታታት የለባቸውም። መጥረግ በእርጥብ ጨርቅ ቀስ ብሎ ማበስ ሲሆን፣ መፋቅ ግን እንደ ጥርስና እንደ ቆዳ መፋቅ ኀይል ያለበት ሥራ ነው፤ ነጩ ነገር ቢፋቅ ሥሩ ቀይ ሆኖ ሊደማ ይችላል። ስለዚህ «በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ቀስ ብለው ይሞክሩ፤ ካልለቀቀ አይፋቁት» ብለው ይጻፉ።

ሕፃኑ አፉን ስለሚያመው ሊነጫነጭ፣ ጡት ይዞ ሊለቅና ሊያለቅስ ይችላል። እንዲህ ሲሆን በብዙ ቤት የሚሰማው «እንጥሉ ወርዶ ነው» የሚለው ቃል ነው፤ ከቃሉም በኋላ ቆራጭ ይጠራል፤ በዚህም ሕፃናት ለመድማትና ለኢንፌክሽን ይዳረጋሉ። ይህን ቃል በዝምታ አትለፉት ብዬ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። «ጡት እምቢ ያለ ሕፃን እንጥሉ አይቆረጥም፤ አፉን ከፍተው አይተው ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት» የሚል ዐረፍተ ነገር በጉልህ ፊደል ይግባ።

ወደ «ይቀቡት» ልምጣ። በመጨረሻ ያለችው «ት» ተሳቢን ስለምታመለክት፣ «ሕፃኑ ከጠባ በኋላ ይቀቡት» ሲባል የሚቀባው ሕፃኑ ይሆናል፤ መላ ገላውን የምትቀባ እናት ብትኖር አልተሳሳተችም። በተጨማሪም ግሡ መድኃኒቱን ሊከተል ይገባል። «መቀባት» የጸናው በአፍ ውስጥ ይቀባ በነበረው ወይን ጠጅ ቀለም ባለው ጄንሺያን ቫዮሌት ዘመን ይመስለኛል፤ ዛሬ በብዛት የሚታዘዘው ኒስታቲን ግን በጠብታ መልክ ስለሚሰጥ «ጠብ ማድረግ» ይስማማዋል። «ቅባት» ብሎ መጻፍ ሌላም አደጋ አለው፤ ሚኮናዞል የሚባለው የአፍ ጄል ጉሮሮን ሊዘጋ ስለሚችል ከ4 ወር በታች ላሉ ሕፃናት አይመከርም፤ «ቅባት» የሚል ያነበበ አባት ግን ከመድኃኒት ቤት እሱኑ ሊጠይቅ ይችላል። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦ «ሕፃኑ ከጠባ በኋላ፣ የታዘዘልዎትን የኒስታቲን ጠብታ ግማሹን በአንዱ ጉንጩ፣ ግማሹን በሌላው ጉንጩ ውስጥ ጠብ ያድርጉ፤ በቀን 4 ጊዜ ይስጡ፤ ነጩ ነገር ከጠፋም በኋላ ለ2 ቀን ይቀጥሉ።» መጠኑን ባለሙያው እንዲሞላው ባዶ ቦታ ይተዉለት።

«በሽታውን ማከም» የሚለውንም ቢቀይሩት እወዳለሁ። «አከመ» በነባሩ አነጋገር ሰውን የሚሻ ግሥ ነው፤ የሚታከመው ታማሚው ነው፤ እዚህም የሚታከሙት ሁለት ናቸው። የእናቲቱ የጡት ጫፍ ቀልቶ የሚያቃጥላትና የሚያማት ከሆነ፣ ልጁ ብቻ ቢታከም ፈንገሱ ተመልሶ ሊይዘው ይችላል። «እናትና ልጅ አብረው ይታከሙ፤ ጡት ማጥባት አይቋረጥ፤ ጡጦና የጡጦ ጫፍ ይቀቀሉ» ይበሉ።

በመጨረሻም «ካልተሻለው በቶሎ ይምጡ» የሚለው ልል ነው፤ «ቶሎ» ለአንዷ ነገ፣ ለሌላዋ የሚቀጥለው ወር ነው። «በ7 ቀን ካልጠፋ፣ መጥባት ካቃተው ወይም ትኩሳት ካለው በዚያው ቀን ይምጡ» ብለው ይጻፉ። ሁለት ወር ካለፈው በኋላ እየተመላለሰ የሚይዘው ሕፃን ደግሞ የመከላከል ዐቅሙ፣ የኤችአይቪ ምርመራም ጭምር፣ ሊታይለት ስለሚገባ፣ ለእርሱ የተለየ መስመር ያኑሩለት።