ማራገፍ ማለት ደጋግሞ ማጉረስ ሲሆን

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ኮሎራዶ ያለው አጎትህ ልትጠይቀው ስትሄድ በጥቅምት አጋዘን ሊያሳድንህ ነው። የሚያውስህ ጠመንጃ ከቃታው ሥር ቀለበት የመሰለች ሌቨር ያለችው፣ ካዝናው የማይነቀል ነው። "ሳንተኩስ ከመሸ ውስጡ ያለውን ጥይት እንዴት በደህና ላውጣው?" ነው ያልከው። ከታች አንድ ወንድማችን "ምን ችግር አለው፣ እንደ ክላሽ ነው" ብሎሃል። እንደ ክላሽ አይደለም። ረዘም አድርጌ የምጽፍልህም ለዚህ ነው።

እኔ አሁን እዚሁ ባህር ዳር፣ ሽምብጥ ነኝ። ከዚያ በፊት ግን 11 ዓመት ዴንቨር አጠገብ ኖሬያለሁ። እዚያ ሰባት ወቅት አድኛለሁ። አምስቱን የወጣሁት በባለ ሌቨር ጠመንጃ ነው፤ መጀመሪያ በማርሊን 336፣ በኋላ በዊንቸስተር 94።

ክላሽ ላይ ነገሩ ግልጽ ነው። ካዝናውን ትነቅላለህ፣ አንዴ ስበህ የጎረሰውን ታወጣለህ፣ ታያለህ፣ አለቀ። እዚህኛው ላይ የሚነቀል ነገር የለም። ጥይቶቹ ከበርሜሉ ሥር ባለ ቱቦ ውስጥ ተከታትለው ተኝተዋል። የምታስገባቸው በቀኝ ጎኑ ባለች ትንሽ በር ነው፤ በዚያች በር ግን ተመልሰው አይወጡም። እኔ በማውቃቸው በማርሊንና በዊንቸስተር ላይ መውጫቸው በሌቨሩ ብቻ ነው። ስትከፍት አንዱ ከቱቦው ይመጣል። ስትዘጋ በርሜሉ ውስጥ ይጎርሳል። እንደገና ስትከፍት ተፈናጥሮ ይወጣል፣ ተከታዩም ቦታውን ይይዛል። ስድስት ጥይት ካለህ ባዶ ለማድረግ ስትል ብቻ ስድስት ጊዜ ታጎርሳለህ። ሌቨሩን በዘጋህ ቁጥር ደግሞ መዶሻው ተወጥሯል፣ ጥይቱ ቦታው ላይ ነው፣ የቀረው ቃታ መንካት ብቻ ነው። መዶሻ የምለው ከጠመንጃው ጀርባ ብቅ ያለችውን፣ በአውራ ጣት የምትሳበውን ነው።

ስለዚህ ከአደኑ ሁሉ ይበልጥ የምትጠነቀቅበት ሰዓት ይኼ ነው። ሲመሽ ደክሞሃል፣ በርዶሃል፣ አጎትህ መኪናው ጋ ሆኖ "ቶሎ በል" ይልሃል። አትቸኩል። ይጠብቅህ።

ከመኪናው ራቅ ብለህ ቁም። መኪና ውስጥ ወይም ቤት ውስጥ ማራገፍ አይታሰብም። አፈሙዙን ለስላሳ አፈር ያለበት ቁልቁለት ላይ አድርግ። ድንጋይ ላይ አታድርግ፤ ጥይት ከድንጋይ ነጥሮ የት እንደሚሄድ ማንም አያውቅም። የምታራግፈው በሙሉ አፈሙዙ ከዚያ ቦታ አይነሳ።

አሁን እጅህን አስተውል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሌቨሯ ውስጥ የሚገቡት ሦስቱ ጣቶች ናቸው፦ መሃል ጣት፣ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት። ሌባ ጣትህ ውጭ ይቀራል፣ ቀጥ ብሎ በጠመንጃው ጎን ላይ ተዘርግቶ። ሌቨሩን ጠበቅ አድርገህ ስትዘጋው እጅህ በሙሉ ወደ ቃታው ይመጣል። ሌባ ጣትህ በዚያች ቅጽበት ታጥፎ ከተገኘ ቃታው ላይ ያርፋል። እኔ ይህን የለመድኩት ሳሎን ውስጥ ነው፤ ባሩድ በሌላቸው የልምምድ ጥይቶች ሌባ ጣቴን እያየሁ ደጋግሜ እከፍትና እዘጋ ነበር። አጎትህ እንዲህ ያሉ የልምምድ ጥይቶች እንዲገዛልህ ለምነው። ዋጋቸው ትንሽ ነው።

መጠበቂያ፣ ማለትም ጠመንጃው እንዳይተኩስ የሚያግድ ቁልፍ፣ ካለው አብራ። አሮጌዎቹ የላቸውም። ማርሊን በጎን በኩል የምትገፋ መጠበቂያ የጀመረው በ1980ዎቹ ነው፣ ዊንቸስተር 94 ደግሞ በ1992፤ ሁለቱም በፈረንጅ አቆጣጠር። ከዚያ በፊት የነበሩት የመዶሻው ግማሽ ውጥር ብቻ ነው ያላቸው፤ መዶሻው ግማሽ መንገድ ተስቦ የሚቆምበት፣ ቃታውም የማይለቅበት ቦታ ማለት ነው። መጠበቂያው ቢበራም ሌቨሩ ይሠራል፣ ስለዚህ እስከ መጨረሻው ይብራ። ግን አትተማመንበት። የምትተማመነው በአፈሙዙ አቅጣጫና በሌባ ጣትህ ነው።

ሌቨሩን ስትከፍት እስከ ጥግ ክፈት፣ ስትዘጋም እስከ ጥግ። ፈርተህ ግማሽ ላይ ከመለስከው ጥይቱ ይሰነቀራል። ያን ጊዜ በጣት መጎርጎር ይመጣል፣ እሱ ደግሞ የባሰ አደጋ ነው። ጥይቱ የሚወጣበትን መስኮት በመዳፍህ አትክደን። ወድቆ በረዶ ውስጥ እንዳይጠፋ ብለው በእጃቸው የሚቀልቡ አሉ። አታድርገው። ኮፍያህን አውልቀህ በመውጫው በኩል መሬት ላይ አስቀምጥ፣ እዚያ ይውደቅ።

እና ቁጠር። ጠዋት ስታስገባ "አምስት" ብለህ ለአጎትህ ጮክ ብለህ ንገረው። ማታ ስታወጣም ጮክ ብለህ ቁጠር። ለምን እንደምጨቀጭቅህ ልንገርህ።

ጥቅምት 2007 ዓ.ም. ነበር። ከፍታው 3,000 ሜትር ገደማ የሆነ ጫካ ውስጥ ነን። ጣቶቼ ደንዝዘዋል። ማርሊኑን ማራገፍ ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ከዚያ ሌቨሩን ሁለቴ ሠራሁት፣ ምንም አልወጣም። ባዶ ነው አልኩ። ጓደኛዬ "ስንት ነበር ያስገባኸው?" አለኝ። አሰብኩ። "አራት… አይ፣ አምስት መሰለኝ" አልኩት። "መሰለኝ አይሠራም" አለና ባትሪውን አበራ። ሌቨሩን ከፍቼ ያዝኩለት። ቱቦው አፍ ላይ መታየት የነበረበት፣ ጥይቶቹን የሚገፋው የስፕሪንጉ ጫፍ የለም። ቱቦውን በመዳፉ መታ መታ ሲያደርገው አምስተኛው ጥይት ቀስ ብሎ ተንሸራቶ መጣ። ወርቃማ ጀርባው በባትሪው ብርሃን ሲያበራ እስካሁን ይታየኛል። ለካ ቱቦው ውስጥ የቆየ ዘይት ነበር፣ ብርዱ አወፍሮት ስፕሪንጉን ይዞታል። መኪናው ሲሞቅ ዘይቱ ይላላ ነበር። ሌሊቱን ካምፕ ውስጥ አንዱ ልጅ "ባዶ ነው" ብሎ ሌቨሩን ቢያንቀሳቅሰው ጥይቱ ይጎርስ ነበር። ከልጆቹ አንደኛው ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ያን ሌሊት አልተኛሁም።

ከዚያ ወዲህ መጨረሻ ጥይት ወጣ ብዬ አላቆምም። ሁለት ጊዜ በባዶ እሠራዋለሁ። ቀጥሎ በባትሪ የበርሜሉን መነሻና የጥይት ማንሻዋን፣ ማለትም ከቱቦው የመጣውን ጥይት ወደ በርሜሉ የምታነሳዋን፣ አያለሁ። የስፕሪንጉን ጫፍም በመስኮቱ ወይም የጎኗን በር ገፋ አድርጌ ካላየሁ አላምንም። በመጨረሻ ትንሿን ጣቴን እከታለሁ። ይህቺን ያስተማረኝ አባቴ ነው። ምንሽር ነበረው፣ ከግድግዳ ሳይሰቅለው በፊት ሁልጊዜ ትንሿን ጣቱን ይከት ነበር። መብራት በሌለበት ቤት ዓይን ይሳሳታል፣ ጣት ግን አይሳሳትም ይለን ነበር። ዓመቱን ሙሉ ያልተነካ ጠመንጃም ቢሆን ይፈትሸው ነበር።

አሁን የቀረው መዶሻው ነው፤ ተወጥሮ ይቀራልና። በርሜሉ ባዶ መሆኑን በዓይንና በጣት ካረጋገጥክ በኋላ ብቻ፣ አፈሙዙ አሁንም አፈሩን እያየ፣ መዶሻውን በአውራ ጣትህ አጥብቀህ ይዘህ ቃታውን ሳብ። መዶሻው ሲለቀቅ ወዲያው ቃታውን ተው፣ መዶሻውንም ቀስ አድርገህ አውርደው። ጓንት አውልቅ፤ በጓንት ይንሸራተታል። ጥይት ጎርሶ እያለ መዶሻ ማውረድ ግን ለአንተ ገና ነው። እሱ የማያስፈልግህ እንዲሆን ስትሄድ ቱቦው ውስጥ ጥይት ይኑር፣ በርሜሉ ግን ባዶ ይሁን። አጋዘኑን ስታየው ሌቨሩን መሥራት አንድ ሴኮንድ አይፈጅም። አጥር ስትሻገር ወይም ዛፍ ላይ ወዳለ መቀመጫ ስትወጣ ግን ቱቦውም ባዶ ይሁን። ለአጎትህ ስታቀብለው ሌቨሩን ከፍተህ አቀብለው፤ እሱም ሲሰጥህ እንደዚያው ይስጥህ። ታላቅህ ነው ብለህ አትፈር፣ ጥሩ አዳኝ በዚህ አይቀየምም።

ተኩስ ልምምድ ቦታ ስትሄዱ ነገሩ ይቀላል፤ የመስመሩ ኃላፊ ያዝሃል። "ተኩስ አቁም" ሲባል ቱቦህ ውስጥ ጥይት ካለ ዝም ብለህ አስቀምጠህ እንዳትነሳ፣ እጅህን አንሳና ንገረው። ቃታ ስበህ "ቀጭ" ብሎ ሳይተኩስ ከቀረ ቶሎ አትክፈት። ዘግይቶ ሊተኩስ ይችላል። አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳደረግክ ቢያንስ 30 ሴኮንድ ጠብቅ።

ጥይት ስትገዙም ተጠንቀቁ። ቱቦ ውስጥ የፊተኛው ጥይት መለኮሻ ላይ፣ ማለትም ከጀርባው ሆና ስትመታ ባሩዱን በምታቀጣጥለው ላይ፣ የኋለኛው ጫፍ ያርፋል። ሹል የብረት ጫፍ ያለው ጥይት ሲመታው ሊያፈነዳው ይችላል። ለዚህ ነው ለእነዚህ ጠመንጃዎች የተለመደው የ30-30 ጥይት ጫፉ ደፍጠጥ ያለው ወይም ለቱቦ ተብሎ የተሠራ ለስላሳ ጫፍ ያለው።

ሕጉን ሳልነግርህ አልተውም። በጉብኝት ቪዛ የምትሄድ ከሆነ የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ጠመንጃ እንድትይዝ አይፈቅድልህም። የስቴት የአደን ፈቃድ በእጅህ ካለ ግን ይፈቀዳል። ስለዚህ ፈቃዱ ከጠመንጃው ይቅደም። ኮሎራዶ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1949 ወዲህ የተወለደ ሰው ሁሉ የአዳኝ ትምህርት ማለፍ አለበት ትላለች። ጥይት የጎረሰ ረጅም መሣሪያ መኪና ውስጥ መያዝም እዚያ ክልክል ነው።

አንዱ ደግሞ "ጣና ዳርም እንለማመድ" ብሏል። አይሆንም። ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ነው፤ ውኃው ላይ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው አለ፣ ጥይት ውኃ ላይ ይነጥራል። መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝም በአዋጅ 1177/2012 ወንጀል ነው። ሠርግና ለቅሶ ላይ ወደ ሰማይ የሚተኮሰውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ወደ ላይ የሄደው ጥይት የሆነ ሰው ቤት ላይ ነው የሚወርደው። እባካችሁ ይቅርብን።

በል፣ አጎትህን አንድ ነገር ጠይቅልኝ። በርሜሉ ላይ የተጻፈውን ስምና ቁጥር ፎቶ አንስቶ ይላክልህ። ሄንሪ ከሆነ የውስጥ ቱቦው ወደ ፊት ይሳባል፣ አብዛኛው ጥይት በዚያ ይወጣል፤ በርሜሉ ውስጥና ማንሻዋ ላይ ያለው ግን ይቀራል። አይነቀልም ብትልም፣ ብራውኒንግ ቢ ኤል አር ከሆነ ካዝናው ይነቀላል፣ ያኔ ወንድማችን እንዳለው ወደ ክላሹ ይቀርባል። ፎቶውን እዚሁ ለጥፈው፣ መጠበቂያው የት እንዳለ ምልክት አድርጌ እመልስልሃለሁ።