ኢነርጂ ድሪንክ ቤት ውስጥ ከመሥራትህ በፊት የድካምህን ዓይነት ለይ

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። የሌሊት ፈረቃ ትሠራለህ። በሳምንቱ መጨረሻ ደግሞ ረጅም ሩጫ ትሮጣለህ። ሁለቱንም የምትወጣው በቀን ሁለት ትልልቅ ጣሳ ኢነርጂ ድሪንክ እየጠጣህ ነው። አሁን መተው ፈልገህ "ቤት ውስጥ በተፈጥሮ ነገር የሚሠራ፣ ያው ጉልበት የሚሰጥ፣ ጉዳት የሌለው ምን አለ?" ብለህ ጠየቅክ። የ15 ዓመት ታናሽ ወንድምህም አንተን አይቶ እንደጀመረ ጽፈሃል። ከላይ ብዙዎች "ማር፣ ዝንጅብልና ሎሚ በጥብጠህ ጠጣ፣ በቃ" ብለውሃል። እኔ የታሸገውን ትቼ የራሴን መሥራት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፤ ለሁሉም ድካም የሚሆን አንድ መጠጥ የለም። የእንቅልፍ ድካም አለ። የረሃብ ድካም አለ። ላብ ከወጣ በኋላ የሚመጣ ድካም አለ። ጣሳው ሦስቱንም በአንድ ላይ ቀላቅሎ ስለሚሰጥህ የትኛው ድካም እንደያዘህ ሳታውቅ ትጠጣለህ። ቤት ውስጥ የመሥራት ጥቅሙ እነሱን መለያየት መቻልህ ነው።

መጀመሪያ ጣሳው ውስጥ ያለውን እንይ። ብዙውን ጊዜ በ250 ሚሊ ሊትር ውስጥ 80 ሚሊ ግራም ካፌይንና 27 ግራም ገደማ ስኳር አለ። ትልቁ፣ ባለ 500 ሚሊ ሊትሩ፣ የዚህ እጥፍ ነው። ሁለት ትልልቅ ጠጣህ ማለት 320 ሚሊ ግራም ካፌይንና ከ100 ግራም በላይ ስኳር ወሰድክ ማለት ነው። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን ለጤነኛ አዋቂ በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም ካፌይን ችግር የለውም ይላል። በላዩ ላይ ቡና ከጨመርክ ታልፈዋለህ። ስኳሩ ግን ያለ ቡናውም ከገደቡ አልፏል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዲህ ያለው ስኳር ከዕለቱ ጉልበት (ካሎሪ) ከ10 በመቶ በታች ይሁን፣ ከ5 በመቶ በታች ቢሆን ደግሞ ይመረጣል ይላል። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ይህ 50 እና 25 ግራም ይሆናል። ጣሳው ላይ ታውሪንና ቢ ቫይታሚን ብለው የሚጽፉትን ብዙ አታስብባቸው። ታውሪንን ሰውነታችን ራሱ ይሠራዋል። ቢ ቫይታሚን ያልጎደለው ሰው ደግሞ ስለጨመረ አይበረታም።

አሁን ወደ ማር፣ ዝንጅብልና ሎሚው ልምጣ። ጣፋጭ መጠጥ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን ከሦስቱ ጉልበት የሚሰጠው ማሩ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ዝንጅብሉ ያቃጥላል፣ ማቅለሽለሽ ያስታግሣል፤ እንቅልፍ አያባርርም። ሎሚው ጣዕም ነው። ማሩም ቢሆን ስኳር ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ውስጥ 17 ግራም ገደማ ስኳር አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ማርንና የፍራፍሬ ጭማቂን የሚቆጥረው ከዚያው ከሚቀነሰው ስኳር ጋር ነው። "ተፈጥሯዊ ነው" ብለህ በቀን አራት ማንኪያ ከጨመርክ ከጣሳው ብዙም አልራቅክም። ጨጓራ ካለብህ ደግሞ በባዶ ሆድ ዝንጅብልና ሎሚ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

የአንተ ትልቁ ጉዳይ ሌሊቱ ይመስለኛል፤ እዚያ ላይ ልቆይ።

ቀኑን ሙሉ ነቅተን ስንውል አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር አንጎላችን ውስጥ ይጠራቀማል። እሱ ሲበዛ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለናል። ካፌይን አዴኖሲን የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል። ድካሙ አልጠፋም፣ ምልክቱ ነው የታፈነው። ስለዚህ ለእንቅልፍ ድካም የሚሠራ "ተፈጥሯዊ" መጠጥ ብለህ ከጠየቅከኝ መልሴ አሰልቺ ነው፤ ሻይና ቡና። አንድ 240 ሚሊ ሊትር ኩባያ የተጣራ ቡና 95 ሚሊ ግራም ገደማ ካፌይን አለው። ጥቁር ሻይ የዚያ ግማሽ ያህል፣ አረንጓዴ ሻይ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ዓይነቱና አፈላሉ ይለዋውጠዋል። ሻይ ውስጥ ቲያኒን የሚባል ነገርም አለ። ከካፌይኑ ጋር ሲሆን ንቃቱን ለስለስ ያደርገዋል ይባላል፣ እኔም ልቤ እንደ ቡናው አይመታብኝም።

ለሌሊት የምሠራው ይሄንን ነው። አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሦስት የሻይ ማንኪያ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሻይ ቅጠል ጨምሬ፣ ከድኜ ፍሪጅ ውስጥ ከ6 እስከ 8 ሰዓት አሳድረዋለሁ። ከዚያ አጠለዋለሁ። በቀዝቃዛ ውሃ የወጣ ሻይ ምሬቱ ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ስኳር አይለምንም። ስጠጣ ብርጭቆውን እስከ ግማሽ በሻዩ፣ ግማሹን ጋዝ ባለው ውሃ እሞላለሁ። ሎሚ እጨምቅበታለሁ፣ ሁለት ቅጠል ናዕና እና በረዶ እጨምራለሁ። ካስፈለገ አንድ የሻይ ማንኪያ ማር፣ ከዚያ አይለፍ። እውነቱን ልንገርህ፣ ሰው ከጣሳው የሚናፍቀው ግማሹ ጋዙና ቅዝቃዜው ነው። ያንን ከሰጠኸው አፍህ ብዙ አይጨቃጨቅም።

ሰዓቱ ከአሠራሩ ይበልጣል። ካፌይን ግማሹ ከደም እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ለአንዳንዱ ሰው ከዚያም ይረዝማል። ፈረቃህ ሊያልቅ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ከጠጣህ ጠዋት አልጋህ ላይ ዓይንህን አፍጥጠህ ትቀራለህ። ከዚያ በቂ ሳትተኛ ማታ ትነሣለህ፣ እንደገና ትጠጣለህ። አዙሪቱ ይሄው ነው። ካፌይንህን በፈረቃው የመጀመሪያ ግማሽ ላይ ጨርስ። እረፍት ካላችሁና የምትጋደምበት ቦታ ካለ ደግሞ አንድ ዘዴ ልስጥህ። ሻይህን ወይም ቡናህን ቶሎ ጠጣና ወዲያው 20 ደቂቃ ሸለብ አድርግ። ካፌይኑ መሥራት እስኪጀምር ያን ያህል ጊዜ ይወስድበታል፤ ስትነቃ ሁለቱ በአንድ ላይ ያግዙሃል። ከ20 ደቂቃ በላይ ግን አትተኛ፤ ከከባድ እንቅልፍ መነሣት ራሱ ያደነዝዛል።

ረሃቡን በአጭሩ ልለፈው። ሌሊት ሰውነት የሚዝለው ምግብ ሳይበላ ስለቀረ ከሆነ መጠጡ ወፍራም ይሁን። አንድ ሙዝ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ አጃ፣ ሁለት ፍሬው የወጣ ቴምርና አንድ ብርጭቆ ወተት ወይም እርጎ ብሌንደር ውስጥ ፍጭ። አጃውን ቀድመህ በወተቱ ብታርሰው ይለሰልሳል። ፕሮቲንና አሰር ስላለው ስኳሩ ቀስ ብሎ ነው ደም ውስጥ የሚገባው። ማር አትጨምር፣ ቴምሩ ይበቃዋል። ይሄ መጠጥ ሳይሆን ምግብ ነው፤ ሊሮጡ ሲሉ አይጠጣም።

ወደ ሩጫው እንምጣ። ከአንድ ሰዓት በታች የምትሮጥ ከሆነ ውሃ ይበቃሃል። ምንም በጥብጥ አልልህም። ከዚያ በላይ ሲሆን፣ በተለይ ሙቀት ካለና ላብህ ልብስህ ላይ ነጭ ጨው የሚተው ከሆነ፣ ስኳርና ጨው አብረው ያስፈልጉሃል። ምክንያቱ አንጀት ውስጥ ነው። ግሉኮስና ሶዲየም አብረው የሚገቡበት በር አለ፤ ሁለቱ ሲገቡ ውሃውን ይዘውት ይገባሉ። ተቅማጥ ለያዘው ሰው የሚሰጠው የስኳርና የጨው ውህድም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ጌቶሬድ የሚባለው የስፖርት መጠጥም እ.ኤ.አ. በ1965 ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በእነ ዶክተር ሮበርት ኬድ ሲሠራ መሠረቱ ውሃ፣ ስኳርና ጨው ነበር፤ ለጣዕም ደግሞ የሎሚ ጭማቂ። ስለዚህ ይሄኛው ቤት ውስጥ በትክክል ሊሠራ የሚችል ነገር ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 750 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 250 ሚሊ ሊትር የተጠለለ የብርቱካን ጭማቂ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው። ማሩን መጀመሪያ በትንሽ ለብ ያለ ውሃ አሟሟው፣ አለበለዚያ ታች ይቀመጣል። ስኳሩ በሊትር ወደ 60 ግራም ይጠጋል፤ የስፖርት መጠጦች በአብዛኛው ከ6 እስከ 8 በመቶ ናቸው፣ ስለዚህ ልክ ነው። ከዚያ በላይ ካጣፈጥከው ሆድህ ውስጥ ይቆይና እየሮጥክ ይንቦጫረቅብሃል። ጨዉንም በግምት አትበትን፣ በማንኪያ ለካ። ሩብ ማንኪያው 600 ሚሊ ግራም ገደማ ሶዲየም ይሰጥሃል። ቁጭ ብለህ ስትቀምሰው ጨው ጨው ሊልህ ይችላል፤ አልቦህ ስትጠጣው ግን አይታወቅህም። አንድ ጊዜ አትጨልጠው፣ በየ15 ወይም 20 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት ጎንጨት በል። እና እባክህ ይሄንን ቢሮ ቁጭ ብለህ አትጠጣው፤ ላልሮጠ ሰው የስኳር ውሃ ነው።

የቀይ ሥር ጭማቂን የጠቀሰ ሰውም ነበር። ልክ ነው፣ ባዶ ወሬ አይደለም። ቀይ ሥር ናይትሬት አለው። አፋችን ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትራይት ይቀይሩታል፤ ከዚያ ሰውነት ናይትሪክ ኦክሳይድ ይሠራበታል፤ የደም ሥር ይሰፋል። ለሯጭ ትንሽ ያግዛል፣ ተአምር አትጠብቅ። ከሩጫው ከ2 እስከ 3 ሰዓት በፊት ነው የሚጠጣው። አፍህን ባክቴሪያ በሚገድል ማጉመጥመጫ ካጸዳህ ጥቅሙን ታጠፋዋለህ። በማግስቱ ሽንትህ ቀላ ቢል አትደንግጥ። የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ግን ጠጠር የሚያባብሰው ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገር ስለሚበዛበት ይተወው።

አንድ ሰው ደግሞ "የካፌይን ዱቄት ገዝተህ ጁስ ውስጥ ጨምር" ብሏል። እንዳታደርገው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እንደሚለው አንድ የሻይ ማንኪያ ንጹህ የካፌይን ዱቄት 28 ኩባያ ቡና ያህል ነው። የወጥ ቤት ማንኪያ ያንን በትክክል ሊለካ አይችልም። ሰው ሞቶበታል።

አወጣጥህን ደግሞ አስብበት። በአንድ ቀን ሁለቱንም ጣሳ ከተውክ በ12 እና በ24 ሰዓት መካከል ራስ ምታት፣ ብስጭትና ድብርት ሊጀምርህ ይችላል። አንዳንዱን ሰው ከሳምንት በላይም ያቆየዋል። ብዙ ሰው እዚህ ጋር ነው "የቤቱ አይሠራም" ብሎ የሚመለሰው። መጀመሪያ ሁለተኛውን ጣሳ በሻዩ ተካ። ጥቂት ቀን ቆይተህ የመጀመሪያውን ወደ ትንሹ ጣሳ አውርድ። ከዚያ እሱንም ተካው። ውሃ በደንብ ጠጣ።

ጥቂት ማስጠንቀቂያ አለኝ። የደም ግፊት ወይም የልብ ችግር ካለብህ፣ ወይም መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ፣ ከሐኪምህ ጋር ሳትነጋገር ጨውም ካፌይንም አትጨምር። ስኳር በሽታ ላለበት ማር ነፃ አይደለም። ለነፍሰ ጡር የካፌይኑ ገደብ በቀን 200 ሚሊ ግራም ነው። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ደግሞ ማር ፈጽሞ አይሰጥም። በቂ ተኝተህም፣ በልተህም ድካሙ ለሳምንታት ካልለቀቀህ መጠጥ መፈለጉን ትተህ ተመርመር። የብረት ማነስ፣ ታይሮይድና ስኳር በደም ምርመራ ይታያሉ። ብታንኮራፋና ትንፋሽህ እንደሚቆራረጥ ቢነግሩህ እሱንም ለሐኪሙ ንገረው። የብረት ማነስ ከተገኘብህ ሻዩንና ቡናውን ከምግብ አርቀው፤ ብረቱ እንዳይገባ ይከለክላሉ።

የሠራኸውን ሁሉ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጥ። ጭማቂ ያለበትን በ24 ሰዓት ውስጥ ጨርስ። ሻዩ ብቻውን ከሆነ ሁለት ቀን ይቆያል። ጠርሙሱን ከነክዳኑ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠብ፤ ማርና ጭማቂ ክዳን ጥርስ ውስጥ ተለጥፎ ይሸታል።

ስለ ታናሽ ወንድምህ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጽሑፍ ኢነርጂ ድሪንክ በልጆችና በታዳጊዎች አመጋገብ ውስጥ ቦታ የለውም ብሏል። ስለዚህ የሌሊቱን ሻይህን አታካፍለው። ለእሱ የተለየ ሥራለት። ጋዝ ያለው ውሃ፣ በላዩ ላይ ሩብ ብርጭቆ የብርቱካን ወይም የሐብሐብ ጭማቂ፣ ሎሚ፣ በረዶ። ኳስ ተጫውቶ ከመጣ ደግሞ የሩጫውን መጠጥ አንድ ብርጭቆ ብትሰጠው ችግር የለውም። የሚጠጣው ፈተና ሊያጠና ሲያመሽ ከሆነ ግን ጉዳዩ መጠጡ ሳይሆን የመኝታ ሰዓቱ ነው፤ እሱን አብራችሁ አስተካክሉ። ራሱ ቢሠራው ይሻላል፤ በዚህ ዕድሜ ራሳቸው የቀላቀሉትን ነው ደስ ብሏቸው የሚጠጡት።