የአባትሽን ብሎክ በእጅሽ ሳታስገቢ ከኮምቦልቻ አትነሺ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። የአባትሽ አንድ ኩላሊት በኦፕሬሽን ወጥቷል፤ የፓቶሎጂው (የዕጢው ናሙና ምርመራ) ወረቀት ደግሞ «ኦንኮሳይቶማ ወይስ ክሮሞፎብ ካንሰር፣ በኢሚዩኖሂስቶኬሚስትሪ ይለይ» ይላል፤ ዕጢው ላይ ያሉ ፕሮቲኖችን በቀለም እያዩ የሚለዩበት ምርመራ ማለት ነው። ለዚህ ናሙናውን አዲስ አበባ መላኩ ግድ ነው ወይ ነው ያልሽው። አዎ፣ ግድ ነው። የታላቅ ወንድሜም ወረቀት ያለው ይህንኑ ነበር። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ ሲሯሯጥ የከረመውም እኔው ነኝ።

1. የደም «ቲዩመር ማርከር» (ካንሰርን ከደም የሚጠቁም ምርመራ) አሠሩ የሚልሽን አትስሚ። ለፕሮስቴት ፒኤስኤ አለ፤ ለኩላሊት ካንሰር ግን እንዲህ በመደበኛነት የሚሠራበት የደም ምርመራ የለም። አንድ የግል ክሊኒክ ረጅም ዝርዝር ጽፎ ሊያስከፍለን ነበር። «ከዚህ ውስጥ የኩላሊቱ የቱ ነው?» ስለው ርዕስ ቀየረ። የሚፈለጉት ፕሮቲኖች ያሉት ዕጢው ላይ ነው።

2. ብሎኩን ተቀበይ። ከዕጢው የተቆረጠው ሥጋ በሰም ተሞልቶ የተቀመጠባት የፕላስቲክ ካሴት ናት። ከክብሪት ቀፎ አትበልጥም፤ ጠርዟ ላይ ቁጥር አለባት። አዲሱ ምርመራ የሚሠራው ከሷ ላይ በስሱ እየተላገ ነው። የተቀለመውን የመስታወት ስላይድ ብቻ ይዘሽ ከሄድሽ «ብሎኩስ?» ነው የሚሉሽ።

አበሳዬን ያየሁትም እዚህ ላይ ነው። ላብራቶሪውን ስም አልጠራም። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ቀና ብላ ሳታየኝ «ብሎክ ለታካሚ አይሰጥም» አለችኝ። ከዚያ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፣ ነገ ና፣ ደብዳቤ አምጣ። ደብዳቤ ሳመጣ ማህተሙ አይነበብም! ወንድሜ ካንሰር ይሁን አይሁን ሳያውቅ እንቅልፍ አጥቷል፤ እሷ እኔን ደጅ ታስጠናኛለች። ያዋጣኝ ጩኸት አይደለም። ቀዶ ሐኪሙ ራሱ «ብሎኩና ስላይዱ ለተጨማሪ ምርመራ በውሰት ይሰጡ» ብሎ ጻፈልኝ፣ ፈርሜ ወሰድኩ። ደግነቱ እዚያው ቆሜ ቁጥሩን ከሪፖርቱ ጋር አመሳከርኩት። የሰጠችኝ የሌላ ሰው ብሎክ ነበር! ይቅርታ እንኳ አላለችም። አንቺም ከመስኮቱ ሳትርቂ አመሳክሪ። መንገድ ላይ ደግሞ ሰም ሙቀት አይወድምና መኪናው መስታወት ሥር ፀሐይ ላይ እንዳታስቀምጪው።

3. ውጤቱ ሲመጣ ፊደልና ቁጥር ብቻ ይሆንብሻል፤ የፕሮቲኖቹ ስም ናቸው። ሲዲ 117 ሁለቱም ላይ ፖዘቲቭ ስለሚሆን ብቻውን አይለያቸውም። ትልቁን ሥራ የሚሠራው ሲኬ 7 ነው። ክሮሞፎብ ላይ አብዛኛውን ጊዜ በሰፊው ይታያል፤ ኦንኮሳይቶማ ላይ እዚህም እዚያም ጥቂት ሴል ብቻ ነው። ኦንኮሳይቶማ ካንሰር አይደለም፤ ልዩነቱ ቀላል አይምሰልሽ። ሲኤ 9 የሚባለው በዋናነት ለሌላው፣ በብዛት ለሚገኘው ክሊር ሴል ለሚባለው የኩላሊት ካንሰር ዓይነት ነው። እዚያ የሴሉን ዙሪያ በሙሉ ያቀልመዋል። ባፕ 1 የተባለው ፕሮቲን ከጠፋ ደግሞ ክሊር ሴሉ ኃይለኛ የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል። ያም ሆኖ ስለ ወደፊቱ ሐኪሞቹ መጀመሪያ የሚያዩት የዕጢውን መጠንና ከኩላሊቱ መውጣት አለመውጣቱን ነው።

የወንድሜ ክሮሞፎብ ሆነ። ሪፖርቱ ላይ የግሬድ (የካንሰሩ ክፋት ደረጃ) ቦታው ባዶ ስለነበር ደንግጬ ደወልኩ። ለካ ከ1 እስከ 4 ያለው የተለመደው ግሬድ ለክሮሞፎብ አይሰጥም። ይህን የነገሩኝ ፓቶሎጂስት ስልክ ላይ ቆመው በትዕግሥት አስረዱኝ፤ እሳቸውን አላህ ይስጥልኝ። ዕጢው ከኩላሊቱ ስላልወጣ ኬሞም ሌላም አልታዘዘለትም። በየጊዜው ሲቲ እየተነሳ ሱቁን ከፍቶ ይውላል።

ሐኪሙ የጻፈልኝ ደብዳቤ ፎቶው አለኝ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ የወንድሜን ስም ሸፍኜ እልክልሻለሁ። አብሽሪ፣ አባታችንን አላህ አፊያ ያድርግልን።