የጎደለው ሰማያዊው ነው

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። 2005 ሞዴል ቪትዝ አለችኝ፤ ወለሏ ላይ የተነጠፈው ሞኬት ጥቁር ግራጫ ነው። ለፋሲካ እናቴ ዘንድ ሀዋሳ ዶሮ ወጥ ይዤ ስወርድ፣ ሻሸመኔ ልደርስ ስል አንድ ጉብታ ላይ ድስቱ ከኋላ ተገለበጠ። ስመለስ ላቫጆ ወሰድኳት፤ ልጆቹ በበረኪና አሹት። ወጡ ለቀቀ፣ ግን ሁለት መዳፍ የሚያህል ቦታ ብርቱካናማ ሆኖ ቀረ። ሰው ሁሉ «ገና ቅባት አለው፣ ድገሚው» ይለኛል። ግራጫ ቀለም ገዝቼ ብቀባውስ? የቀረውም ወለል ደብዝዞብኛል።
ከሳሪስ

መልስ፦ ልጄ፣ እንዳትደግሚው! ወጡማ ከሄደ ቆየ። አሁን የምታዪው የሞኬቱ የራሱ ቀለም አብሮት ሄዶ የቀረውን ነው። ሺህ ጊዜ ብታሺው የሄደ ቀለም በማሸት አይመለስም።

ግራጫ አንድ ቀለም ይመስላል እንጂ ሲነከር ሰማያዊ፣ ቀይና ቢጫ ተቀላቅሎ የሚወጣ ነው። በረኪና ሲነካው ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚሸነፈው ሰማያዊው ነው። ቀይና ቢጫው ብቻቸውን ሲቀሩ ምን ይሆናሉ? ብርቱካናማ። በዚያ ላይ ግራጫ ብትደርቢበት ቡኒ ይሆንብሻል። የጎደለው ሰማያዊው ነው፣ እሱኑ መልሺለት።

ከዚያ በፊት ግን ሞኬቱ ቀለም የሚጠጣ መሆኑን ማወቅ አለብሽ። እኔ ይህን የተማርኩት በሰው መኪና ነው። ያኔ ሥራውን ገና ስጀምር አንድ ደንበኛ የነጣ ወለል ያለው ኮሮላ ዲኤክስ አመጣልኝ። የልብስ ማቅለሚያ ጥቁር ቀለም አፍልቼ በብሩሽ ቀባሁለት፤ ማታ ሲረከበኝ አዲስ መስሎ መርቆኝ ሄደ። በሳምንቱ ዝናብ ጣለ። ሰውየው አንድ ጠዋት ደጄ ላይ ጫማውን አውልቆ ነጭ የነበረውን ካልሲውን አሳየኝ፤ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ቀለም ሆኗል። አንድ ቃል አልተናገረም። ሞኬቱን ከኪሴ ከመርካቶ ገዝቼ ቀየርኩለት።

የዚያ መኪና ሞኬት ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል የፕላስቲክ ክር የተሠራ ነበር። እሱ ቀለሙን የሚያገኘው ክሩ ከመፈተሉ በፊት፣ ፕላስቲኩ ቀልጦ ሳለ ነው፤ በኋላ በውሃ የሚቀባውን አይቀበልም። መለያው ቀላል ነው። ከወንበር ሥር፣ ከማይታይ ቦታ፣ ጥቂት ክር በመቀስ ቁረጪና ውሃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምረሽ በጣትሽ ወደ ታች ጫኚው። ተመልሶ ከተንሳፈፈ ፖሊፕሮፒሊን ነው፣ ገንዘብሽን አታባክኚ። ናይለን ይሰምጣል፣ ቀለምም ይጠጣል። ፖሊስተርም ይሰምጣል፣ እሱም በቤት ውስጥ ቀለም እሺ አይልም። ያንቺን ግን ናይለን ሳይሆን አይቀርም እላለሁ፤ ሌሎቹ ሁለቱ ለበረኪና እንዲህ በቀላሉ እጅ አይሰጡም።

ከሰመጠልሽ እንቀጥል። መጀመሪያ የቀረውን በረኪና በንጹህ ውሃ አራት አምስት ጊዜ እያጠጣሽ በፎጣ ምጠጪው፤ ያለበለዚያ አዲሱንም ቀለም ይበላዋል። በረኪናው ሽታው ሳይጠፋ አቼቶ አጠገቡ እንዳታደርሺ! ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፣ ያውም በተዘጋች ቪትዝ ውስጥ።

ለሱፍና ለናይለን የሚሆን ሰማያዊ ማቅለሚያ ፈልጊ፤ የጥጥ ልብስ ቀለም አይሆንም። በጥፍር ጫፍ የምትቆነጥሪውን ያህል በአንድ ኩባያ ሙቅ ውሃ በጥብጪ፣ አንድ ማንኪያ አቼቶ ጨምሪበት። ነጭ ሶፍት ስትነክሪበት የጠዋት ሰማይ ያህል ሳሳ ያለ ይሁን። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ከዳር ወደ መሃል እየነካካሽ ሂጂ። ቀለሙ የሚይዘው በሙቀት ስለሆነ የካውያ እንፋሎት ከላይ ስጪው፤ ካውያው ራሱ ግን ክሩን አይንካ። ከዚያ ተዪው። እርጥብ ሞኬት ሁልጊዜ ጠቆር ብሎ ስለሚታይ «አልበቃም» ብለሽ በዚያው እንዳትደግሚ። ሲደርቅ ከሳሳ ነገ ትጨምሪያለሽ፤ ከበዛ ግን ማውጣቱ ጣጣ ነው።

ክሩ ከተንሳፈፈ ወይም ቀለሙ እሺ ካላለ፣ ከፊት ወንበር ሥር ያንኑ የሚያህል ሞኬት በምላጭ ቆርጦ የክሩን አቅጣጫ ጠብቆ መለጠፍ ነው። ብርቱካናማው ወንበር ሥር ይደበቃል። ይህንን ለባለሙያ ስጪ፤ ከሥሩ ሽቦ ያልፋል።

የቀረው ወለል «ደብዝዟል» ያልሽውን ግን አላመንኩም። የሾፌሩን ላስቲክ ምንጣፍ አንሺና ከጎኑ ያለውን ሞኬት በእርጥብ ነጭ ጨርቅ እሺው። ጨርቁ ጠቁሮ ሞኬቱ ከፈካ ቆሻሻ ነው፤ አብዛኛው ሰው ደብዛዛ የሚለው በደንብ ሳይለቀለቅ የቀረ ኦሞ አቧራ ስቦ ነው። ፀሐይ የበላው ቢሆን መስኮት በኩል ያለው ነጥቶ ወንበር ሥር ያለው እንዳለ ይሆን ነበር። ሳሙና አሳንሰሽ፣ ውሃውን በቫኩም አስመጥጪው።

ይህን ሁሉ ክረምቱ ሳይገባ ጨርሺ። ከሞኬቱ በታች ያለው ስፖንጅ ውሃ ከያዘ ወለሉን ያዝገዋል፣ ይሸታልም። ላዩ ደርቆ እንዳያታልልሽ፤ በተረከዝሽ ጠንከር አድርገሽ ስትረግጪው ካልሲሽ ከረጠበ በሮቿን ከፍተሽ እንደገና ፀሐይ ላይ አውያት።